እንጨት የሚበላው ነቀዝ፦ ከመርጨታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ እንጨት ስለሚበላው ነቀዝ። ቁም ሳጥን፣ የጣሪያ ወራጅ፣ በርጩማ፣ አዲስ አልጋ፣ የዶሮ ቤት ሳይቀር። ሁሉም ማለት ይቻላል «ምን መድኃኒት ልርጭበት?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን መድኃኒቱን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ፣ አትቀየሙኝ። አንዳንዶቻችሁ ጭራሽ ምንም መርጨት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁም ሳጥናችንን ለጽዳት ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ጀርባው ወንፊት ሆኖ አገኘሁት። ቀዳዳዎቹ በጣም ትንንሽ ናቸው፣ ወለሉ ላይም ዱቄት ነገር አለ። ባለቤቴ «አውጥተን እንጣለው፣ ወደ ሌላው ዕቃ ይዛመታል» ይላል። እኔ ደግሞ ዕቃው ገና ጠንካራ ስለሆነ አሳዘነኝ። የግድ መጣል አለበት?

መልስ፦ ኧረ አትጣሉት! ቢያንስ ገና ነው። መጀመሪያ ያየሽው ቀዳዳ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቀዳዳው መውጫ ነው። እናቲቱ ጥንዚዛ እንቁላሏን እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቫርኒሽ ያልነካው ሻካራ ቦታ ላይ ወይም አሮጌ ቀዳዳ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ወደ ውስጥ ይገባና እዚያው እየበላ ያድጋል። የቤት ዕቃ ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት እንዲህ ሆኖ ሦስት አራት ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ከዚያ ጥንዚዛ ይሆንና በስቶ ይወጣል። እና አንቺ ቀዳዳውን ያየሽ ቀን የበሳው ወጥቶ ሄዷል። ምናልባት ከሃያ ዓመት በፊት ሄዶ ይሆናል።

ስለዚህ ማወቅ ያለብሽ ውስጥ የቀረ መኖር አለመኖሩን ነው። ባትሪ ያዢና ቀዳዳዎቹን ጠጋ ብለሽ እያቸው። አዲስ ቀዳዳ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ውስጡ አሁን የተቆረጠ እንጨት ይመስላል፣ ፈካ ያለ። ያረጀ ቀዳዳ ውስጡ ጠቁሯል፣ አቧራ ይዟል፣ አንዳንዴም ቀለም ወይም ቫርኒሽ ገብቶበታል። ቫርኒሽ ውስጡ ካየሽ ቀዳዳው ዕቃው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው፣ እሱን እርሺው። ዱቄቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ዕቃውን ስትስቢው፣ በር ሲዘጋ፣ ሕፃናት ሲጋጩበት ለዓመታት ውስጥ ተጠቅጥቆ የኖረ ዱቄት ይረግፋል።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። ጀርባውን በቫኪዩም ወይም በደረቅ ብሩሽ አጽጂው። ቀዳዳ የበዛበት ቦታ ላይ ስስ ወረቀት በቀጭን ማጣበቂያ ለጥፊበት፣ ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፊበት። ወለሉ ላይ ደግሞ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ፣ ነጣ ያለው ዱቄት ጥቁር ላይ ወዲያው ያስታውቃል። ከዚያ አትንኪው። ጥንዚዛዎቹ የሚወጡት አየሩ ሲሞቅ ስለሆነ ሞቃቱ ወቅት እስኪያልፍ መጠበቅ አለብሽ፤ ይሄ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ወረቀቱ ተበስቶ ካገኘሽው ውስጥ ነዋሪ አለ። አንድ ወቅት ደህና አለፈ ማለት ግን ሙሉ ነጻነት አይደለም፣ እጩ ዓመታት ስለሚቆይ ወረቀቱን ለቀጣዩም ወቅት ተዪው።

አሁን ደግሞ ጀርባው ከምን እንደተሠራ እዪ። አሮጌ ቁም ሳጥን ላይ ጀርባው ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፣ የድሮው ኮምፔንሳቶ ደግሞ ከእንስሳት በሚሠራ ሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ነቀዙ በጣም ይወደዋል። የዛሬው በሰው ሠራሽ ሙጫ የሚጣበቀው ያን ያህል አይስበውም። የተበላው ጀርባው ብቻ ከሆነ ፍቱት፣ አቃጥሉት፣ አዲስ ምቱበት፤ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን እግሮቹን ከሥር፣ የመሳቢያዎቹን ታች፣ የውስጥ ማዕዘኖቹን አገላብጪ። ቫርኒሽ በደንብ የጠጣ ፊት ላይ እንቁላል አትጥልም፤ የምትፈልገው ሰው የማያየውን ጎን ነው።

ባለቤትሽ «ይዛመታል» ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ጥንዚዛዋ በሞቃት ቀን ትበራለች። ግን ደረቅ ክፍል ውስጥ ያለ ደረቅ እንጨት አይመቻትም። የዚህ ዓይነቱ እጭ የእንጨቱ እርጥበት ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ ማደግ ይከብደዋል። ቁም ሳጥኑ የቆመበት ግድግዳ ይረጥባል እንዴ? እጅሽን አድርገሽ ንኪው። ከረጠበ መነሻው እሱ ነው፣ ዕቃውን ከግድግዳው አርቂና አየር ይለፍበት፣ ግድግዳውንም አሠሩት።

ነቀዙ በሕይወት መኖሩን ካረጋገጥሽ ያኔ መድኃኒት ይምጣ። ለእንጨት ተብለው የሚሸጡት ባብዛኛው ቦሮን ወይም ፐርሜትሪን ያለባቸው ናቸው። የሚቀቡት ራቁቱን እንጨት ነው፣ ቫርኒሽ ላይ ከቀባሽው ውጭ ይቀራል። ቀዳዳ ለቀዳዳ በሲሪንጅ መጨመር ትንሽ ይረዳል፣ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ በዱቄትም ተደፍኗል፣ ሁሉ ቦታ ደረሰ ብለሽ እንዳትተማመኚ። የሚቀባው መድኃኒት ዋና ሥራው የሚወጣውን ጥንዚዛ መውጫው ላይ መያዝና አዲስ የተፈለፈለው ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከልከል ነው። ስለዚህ ከቀባሽው በኋላም አንድ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ብታዪ አትደንግጪ። ጥልቅ ያሉት ተራቸው ሲደርስ ነው የሚወጡት።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ የዕቃ ቤት አለ። ወራጆቹና ቋሚዎቹ ተበልተው አንዳንዱ ቦታ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። በአንዱ ጎን ፍየሎች አሳድራለሁ። አንድ ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ይለኛል፣ ሌላው ናፍጣ ይሻላል ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ጣሪያ እንዳይወድቅብኝ እሰጋለሁ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱንም አይስሙ። ዘይቱም ናፍጣውም ቤቱን ለእሳት ያመቻቹታል፣ ሽታቸው አይለቅም፣ ወደ አፈሩ ይወርዳሉ፣ ፍየሎቹም ይልሱታል። ከውስጥ ያለው እጭ ጋ ደግሞ እምብዛም አይደርሱም። ላዩ ስለሚጠቁር ብቻ የተሠራ ይመስላል።

መጀመሪያ ካቻቪቴ ይያዙ። ወጣት ልጅ ካለ እሱ ይውጣ፣ እርስዎ ከታች ሆነው ያሳዩት። ወራጁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በየስንዝሩ ጫን እያሉ ይውጉት። በተለይ ሦስት ቦታ አይዝለሉ፤ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ሥር፣ ቋሚው መሬት የሚነካበትን ታች። ካቻቪቴው ትንሽ ገባ ብሎ ጠንካራ ነገር ላይ «ጠቅ» ብሎ ከቆመ ዜናው ጥሩ ነው። የተበላው ከቅርፊት ሥር የነበረው ነጣ ያለው የውጭ እንጨት ነው፣ ጠቆር ያለው መሃሉ አለ ማለት ነው። ነቀዙ ባብዛኛው የሚወደው ያንን የውጩን ክፍል ነው፣ እና ሲያዩት የሚያስፈራ ወራጅ ውስጡ ቤቱን ችሎ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካቻቪቴው ሳይቸገር እስከ እጀታው ከገባ ግን ቀልድ የለም። ከሌላው ሥራ ሁሉ በፊት ከሥሩ ድጋፍ ይቁምለት፣ ፍየሎቹን ያውጡ፣ እርስዎም ከሥሩ አይግቡ፣ ሙያ ያለው አናጢ ወይም ግንበኛ ይይልዎት። እንዲህ ያለውን እንጨት የትኛውም መድኃኒት አያጠነክረውም። መድኃኒት ነፍሳቱን ይገድላል እንጂ የተበላውን አይመልስም።

ደህና የሆኑትን ወራጆች የሚፈረፈረውን በመጥረቢያና በሽቦ ብሩሽ ጠንካራው እስኪገኝ ያስጠርጉ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ የረገፈው ሁሉ ተጠርጎ ይቃጠል። ከዚያ የቀረውን ውፍረት ይዩ። ሁለት ሦስት ጣት ከረገፈለት ወራጅ የቀረው ጣሪያውን ይሸከም አይሸከም አናጢው ይፍረድ፤ አዲስ እንጨት ጎን ለጎን ደርቦ በቡሎን ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ጠቅላላውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው እንግዲህ ዋናው ሥራ፣ ሰው ሁሉ የሚዘለውም እሱን ነው። ውሃውን ይቁረጡ። የዕቃ ቤት እንጨት የሚበላው ቤት ውስጥ ካለው ይልቅ እርጥብ ስለሆነ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሻጋታና ብስባሽ ይጀምረዋል፣ የበሰበሰ እንጨት ለነቀዝ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። እንደውም ከነቀዞቹ አንዱ ትልቅ ዓይነት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ የሚበሳው፣ ብስባሽ ያልጀመረው እንጨት ውስጥ እምብዛም አይሳካለትም። እና ቆርቆሮውን ያስደፍኑ፣ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ያርቀው፣ ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈርና ፍግ ይነሳ። ቋሚው አፈር ውስጥ የተቀበረ ከሆነ የበሰበሰውን ታች ቆርጠው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ያስቀምጡት። አየር በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሁለት ቦታ ክፍት ይተው። ይህ ከሆነ ውስጥ የቀሩት እጮች እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ዓመታት ይፈጅባቸው ይሆናል እንጂ።

መድኃኒት ካስፈለገ ከጣሪያ ሥር ላለ እንጨት የቦሮን ጨው ጥሩ ነው፣ በውሃ ይሟሟል፣ ትንሽ እርጥበት ያለው እንጨት ውስጥም ጠልቆ ይገባል። ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ እዚያ አይድከሙ። ፍየሎቹ የሚበሉበትን ግርግምና የሚልሱትን እንጨት ምንም አይቀቡት፣ የተበላ ከሆነ በአዲስ ይቀይሩት። ፐርሜትሪን ያለበትን ከገዙ ደግሞ ለዓሣ፣ ለንብና ለድመት መርዝ ነው። ቀፎ ካለዎት አጠገቡ አይረጭ፣ ትራፊውም ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይደፋ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳው ክብና አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደው ነቀዝ ነው። ሞላላና ከስድስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን መርፌ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ጣውላ የሚበላው ትልቁ ነው፣ እሱ ለጣሪያ አደገኛ ስለሆነ ባለሙያ ሳይውል ሳያድር ይጠራ። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ካዩ ደግሞ ምስጥ ነው፣ የምስጥ ሕክምና ከመሬቱ ስለሚጀምር ከላይ የነገርኩዎት ነገር አይበቃውም።

ጥያቄ፦ አያቴ የሰጠችኝ የተቀረጸ በርጩማ አለኝ። ከእግሩ ዱቄት ይረግፋል። ትንሽ ልጅ ስላለኝ ኬሚካል ቤት ማስገባት አልፈልግም። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ያውም የሚያምር። በርጩማው ፍሪዘር ውስጥ ከገባልሽ አቀዝቅዢው። በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልዪው፣ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ፣ በፕላስተር ግጥም አድርገሽ ዝጊ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ስታወጪው ፕላስቲኩን ወዲያው አትፍቺ! ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንደታሸገ ይዋል፣ አለበለዚያ ጠሉ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ቀለም የተቀባ፣ በስስ ልባስ የተሸፈነ ወይም የተለያየ ነገር የተለጠፈበት ዕቃ ከሆነ ብቻ አስቀድመሽ አስቢበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ ወጥ እንጨት ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ሙቀትም ይገድለዋል። የእንጨቱ መሃል 55 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ የሚተርፍ የለም። ግን ምድጃ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ላዩ ተሰንጥቆ መሃሉ ገና ሳይሞቅ ይቀራል። እርጥበቱን እየተቆጣጠረ የሚያሞቅ ክፍል ያላቸው ባለሙያዎች አሉ፣ ለነሱ ተዪው።

ቅዝቃዜው ያለውን ይገድላል፣ ነገ የሚመጣውን አይከለክልም። እግሩን ከሥር ሰም ወይም ቫርኒሽ አጠጪውና ደረቅ ቦታ ይኑር።

ጥያቄ፦ አልጋ ከገዛሁ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰሞኑን ከሥሩ በጣም የላመ ነጭ ዱቄት ይከመራል። አዲስ ዕቃ እንዴት ይነቅዛል?

መልስ፦ አዲስ ስለሆነ ነው ወንድሜ! ዱቄቱን በሁለት ጣትህ አሸት አሸት አድርገው። ምንም የማይቆረቁር፣ እንደ ታልክ የሚንሸራተት ከሆነ ሌላኛው ዓይነት ነቀዝ ነው። እሱ የሚፈልገው ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ በአዲስ የሰፊ ቅጠል ዛፍ የውጭ እንጨት ውስጥና በቀርከሃ ውስጥ በብዛት ይገኛል። እንጨቱ ሲያረጅ ስታርቹ ስለሚቀንስ የቆየ ዕቃ ላይ እምብዛም አይነሳም። መርፌ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የተሠራ አልጋም አይነካም።

መጥፎው ነገር፣ ይሄኛው ደረቅ እንጨት ውስጥም ይኖራል፣ ስለዚህ ከላይ ለሌሎቹ «አድርቁት» ያልኩት ላንተ አይሠራም። በሞቃት ቦታ ዓመት ሳይሞላው ትውልድ ይተካል፣ ፈጣን ነው። ነቀዙ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ሳይመጣ አይቀርም፣ ምናልባትም ጣውላው ከመሰንጠቁ ወይም ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት የገባ ነው። ፎቶ አንሣ፣ ዱቄቱን በትንሽ ፌስታል ያዝ፣ ሻጩ ጋ ሂድ። እንዲቀይርልህ ጠይቅ፣ «ቫርኒሽ እንቀባልሃለን» ካለህ አትስማማ፣ ቫርኒሹ አዲስ እንቁላል ይከለክላል እንጂ ውስጥ ያሉት በስተው ይወጣሉ። እስከዚያው አልጋውን ካልተቀባ ጣውላና ከቀርከሃ ዕቃ አርቀው።

ጥያቄ፦ ለእህል ነቀዝ የሚሆነውን ክኒን ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጌ በሩን ልዝጋውና ልጨርሰው? ርካሽ ነው፣ እህሉ ላይ ሠርቶልኛል።

መልስ፦ አይሆንም። በጭራሽ። ያ ክኒን አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በበር ስንጥቅ፣ በኮርኒስ፣ በጋራ ግድግዳ በኩል ወደ ሚተኛበት ክፍልና ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ማርከሻ የለውም። በዚህ መንገድ ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች አሉ። ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ አይገባም፣ በጋዝ ማጠን የሚገባው ዕቃ ካለ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከቤት ውጭ ወስዶ ይሥራው። አሁን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ካለም ዛሬውኑ አውጣው፤ አንዱ ክፍት ሆኖ የቆየ ከሆነ ደግሞ አንተ ግባበት አልልህም፣ ሰዉን ሁሉ ይዘህ ውጣና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥራ።

አጫጭሮቹን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ሰው ይነክሳል ወይ?» ላላችሁን፦ አይነክስም። ጉዳት የሚያደርሰው እጩ ነው፣ ጥንዚዛው ከወጣ በኋላ ጥቂት ሳምንት ኖሮ፣ ተራብቶ ይሞታል።

«ቀዳዳውን በስቱኮ ልድፈነው?» ድፈኑት፣ ግን ካጸዳችሁ በኋላ። ነቀዙን አያቆመውም፤ ጥቅሙ ሌላ ነው፣ የድሮዎቹ ከተደፈኑ አዲስ ቀዳዳ ሲወጣ በአንድ እይታ ትለዩታላችሁ። ቀለም ያለው ሰምም ይሆናል።

«ቀዳዳው ጠርዙ ጥቁር ነው፣ ዱቄት የለውም» ያለው ጠያቂያችን፦ ዛፉ ገና እርጥብ ሳለ የተበሳ ነው፣ እንጨቱ ሲደርቅ በሳዩም አለቀ። ተኛ።

«የማገዶ እንጨት ነቀዝ ያመጣል?» ቅርፊት ሥር የሚኖሩት አብዛኞቹ የቤት ዕቃ አይበሉም። ቢሆንም ማገዶን ዓመት ሙሉ ከቤት ግድግዳ ጋር ደርድሮ ማቆየት እርጥበት ይሰበስባል፣ ራቅ አድርጋችሁ ከምሩትና የዕለቱን ብቻ አስገቡ።

«አሮጌ ዕቃ ስገዛ እንዴት ልለይ?» ብለሽ ለጻፍሽልን፦ ሻጩ ፊት ሳታፍሪ ገልብጪው። መሳቢያውን አውጥተሽ ታቹን እዪ፣ እግሩን ከሥር በጥፍርሽ ጫር አድርጊ፣ ጀርባውን በጡጫ መታ መታ አድርጊና የሚረግፍ ካለ ተመልከቺ። አዲስ ቀዳዳ ካየሽበትና ግን ከወደድሽው ግዢው፣ ዋጋ አስቀንሺ፣ ከሌላው ዕቃሽ ጋር ሳትቀላቅዪ ለብቻው አስቀምጪና ያንን የወረቀት ሙከራ አድርጊበት።